ቡሬ ላይ የፋብሪካ ደንብ ማንን ያቅፋል?

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ ባለበት ቡሬ፣ ቅጥር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይመራል። አንቀጽ 14 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤች አይ ቪ ወይም በአካል ጉዳት ማዳላትን ይከለክላል።

የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በስም አልተጠቀሱም። ጭራሽ የ1996ቱ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግብረ ሥጋን ያስቀጣል።

የአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም ግን በ1984 እ.ኤ.አ. ጥበቃቸውን በደንቡ አስገብቷል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እዚያ የደረሰው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ለጽድቅ ብቻ አይደለም፦ የሠለጠነ ሰው ተፎካካሪ ዘንድ ሲሄድ ምልመላውም ሥልጠናውም ዳግም ገንዘብ ይበላል።

የቡሬ የሰው ኃይል ኃላፊ ያንን ደንብ እንዳለ መገልበጥ አይችልም። የሠራተኛን የግል ጉዳይ ሻይ ቤት አለማውራትና በሥራ ቦታ ስድብን በዲሲፕሊን መያዝ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።