የማገገሚያ ፍላሽ ጥቅምና ወሰን

ሥርዓተ ክወና የኮምፒዩተርን ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚያስተባብርና ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ሲበላሽ ኮምፒዩተሩ ቢበራም ትእዛዝ አይቀበልም። እንዲህ ያለ ችግር ሲደርስ ሥርዓቱን እንደገና ለመጫን አስቀድሞ የተዘጋጀ የማገገሚያ ፍላሽ ያገለግላል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው በዊንዶውስ 11 የሚሠራ ኮምፒዩተር ሲበላሽ የሥራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ይጠፋና ፍላሹ ይሰካል። ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከሃርድ ዲስኩ ሳይሆን ከፍላሹ እንዲነሣ ይደረጋል፤ ለዚህ የሚጫነው ቁልፍ እንደየአምራቹ ይለያያል። ከዚያም በስክሪኑ ላይ ከሚቀርቡት ምርጫዎች መካከል ከፍላሽ ማገገምን የሚያመለክተው ይመረጣል። በመጨረሻም ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ኤሌክትሪክ እንዳይቋረጥ ጥንቃቄ ይደረጋል።

ይሁን እንጂ ፍላሹ የሚመልሰው ሥርዓተ ክወናውን እንጂ የባለቤቱን ሥራ አይደለም። ሥርዓቱ ተበላሸ ማለት በሃርድ ዲስኩ ላይ ያሉት ጽሑፎችና ፎቶግራፎች ጠፉ ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በቦታቸው ይገኛሉ። የሚደመስሳቸው በፍላሹ እንደገና የመጫኑ ሥራ ነው። ለምሳሌ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ያኖረ ተማሪ ቸኵሎ ይህን ቢያደርግ ኮምፒዩተሩ ይድንለታል፤ የዓመት ድካሙ ግን ይጠፋበታል። ስለዚህ አስቀድሞ ሃርድ ዲስኩን ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ጽሑፎቹን መገልበጥ ይገባል። ዲስኩ በዊንዶውስ የምስጢር ቁልፍ የተዘጋ ከሆነ 48 አኃዞች ያሉት የመክፈቻ ቍጥር ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኮምፒዩተሩ ደኅና ሳለ የጽሑፎቹን ቅጂ በሌላ ስፍራ ማስቀመጥ ነው።

መልመጃ፦ በምንባቡ ውስጥ የሥራን ቅደም ተከተል የሚያመለክቱትን ቃላት አውጥታችሁ ጻፉ።