ራስጌ የሚቀመጠው ነፋሽ

የእንቅልፍ አፕኒያ የያዘው ሰው ስለ ሕመሙ መጀመሪያ የሚሰማው ከሌላ ሰው ነው። ሌሊቱን ሲያንኮራፋ፣ ድንገት ጸጥ ሲል፣ ከዚያም እንደታነቀ ሰው አየር ስቦ ሲባንን የምታየው ሚስቱ ናት። እሱ ጠዋት ተነሥቶ «ደህና አድሬያለሁ» ይላል። ራሱን ያመዋል፣ ቀን ስብሰባ ላይ ወይም መሪ እንደጨበጠ ያንቀላፋል፣ ደም ግፊቱም በመድኃኒት አልወርድ ይላል። ይህን ሁሉ በዱካክ ያሳበበ፣ በውፍረት የቀለደበት ወይም «ድካም ነው» ብሎ ያለፈው ብዙ ቤተሰብ አለ።

ችግሩ ያለው ጉሮሮ ላይ ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ፣ ምላስም ወደ ኋላ ይሸሻል። አንዳንዱ ሰው ላይ መተላለፊያው ጨርሶ ይዘጋል። ደረት ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን እያነሰ ሲሄድ አንጎል ሰውየውን ለቅጽበት ይቀሰቅሰዋል፤ ጉሮሮው ይከፈታል፣ ሰውየውም መንቃቱን ሳያውቅ ተመልሶ ይተኛል። ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሲቆም አንድ ተብሎ ይቆጠራል። መቆሙና በጣም መቀነሱ ተደምሮ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ከሆነ ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ ካለፈ ከባድ ይባላል። ከባዱ ያለበት ሰው ስምንት ሰዓት ሲተኛ ከ240 ጊዜ በላይ ይታፈናል ማለት ነው።

ለዚህ ሕመም የሚታዘዘው ሲፓፕ የሚባለው ማሽን የመጣው ከሲድኒ ነው። እስከዚያ ድረስ ለከባድ ሕመምተኛ የነበረው ዋና መፍትሔ አንገትን በስቶ ቱቦ ማስገባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ኮሊን ሱሊቫን የተባለው አውስትራሊያዊ ሐኪም አንገቱን መበሳት የከበደውን አንድ ሕመምተኛ ሌላ ነገር እንዲሞክር ጠየቀው፤ በአፍንጫው በኩል ሌሊቱን ሙሉ አየር እየተገፋ እንዲተኛ። አየሩ ድንኳንን ምሰሶ እንደሚያቆመው ጉሮሮን ከፍቶ ይይዘዋል፣ ከዚህ የራቀ ምሥጢር የለውም። የአምስት ሕመምተኞች ውጤት በ1981 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ከቫኪዩም ክሊነር የተወሰደ ሞተር ያላቸው፣ ቤት የሚያናጉ ነበሩ። ማስኩም በየሰው ፊት ልክ ተቀርጾ ማታ ማታ በሲሊኮን ይጣበቅ ነበር። እኛ የዛሬ ተጠቃሚዎች ስለ ማስኩ ማሰሪያ ስንነጫነጭ እነዚያን ሰዎች ማሰብ አይከፋም።

የዛሬው ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም፣ ድምፁም ከሹክሹክታ አያልፍም። ግፊቱ የሚለካው በሴንቲሜትር ውሃ ሲሆን ከ4 እስከ 20 ይደርሳል። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው በእንቅልፍ ምርመራ ነው፤ አንዳንዱ ማሽን ደግሞ ሐኪሙ በወሰነለት ክልል ውስጥ ራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል።

ማሽኑ ኦክስጅን አይሰጥም። የሚነፋው ያንኑ የመኝታ ቤቱን አየር ነው። ይህን ለጎረቤት ማስረዳት ግን ማሽኑን ከመልመድ ይከብዳል። ከኮቪድ ወዲህ ማስክና ቱቦ ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። እኔን ልትጠይቅ የመጣች አክስቴ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ማሽኑን ስታይ «ውይ ልጄን! ኦክስጅን ላይ ደረስክ?» ብላ እንባዋ መጣ። ባለቤቴ ማስኩን አጥልቃ እስክታሳያት ድረስ አላመነችም። ብዙ ሰው ማሽኑን ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆልፈው አየሩ ከብዶት ሳይሆን እንዲህ ያለውን ዓይን ፈርቶ ይመስለኛል።

በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የሚያስቸግረው አየር መሳቡ ሳይሆን ማስወጣቱ ነው፤ የሚገፋ ነገር ላይ መተንፈስ አለብህ። ለዚህ ሲባል ማሽኑ በዝቅተኛ ግፊት ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምርበት ማስተካከያ አለው። የአፍንጫ ማስክ ያደረገ ሰው በሌሊት ማውራትም አይችልም። ልጅ ሲያለቅስ «ምን ሆንክ?» ልትል አፍህን ስትከፍት አየሩ በአፍህ ይፈስሳል፣ ቃሉ ተውጦ ይቀራል። አፉን ከፍቶ የሚተኛ ሰው አፍና አፍንጫን የሚሸፍነው ይሻለዋል። ጺም ያሳደገ ሰው ማስኩ ከቆዳው ስለማይገጥም አየር ያፈስበታል፤ ለእሱ አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚቀመጠው ትንሹ ይስማማዋል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ደግሞ ማሰሪያው እየተንሸራተተ ያስቸግራታል። ማታ ፊትን በቫዝሊን ማሸት ልማድ ለሆነበት ቤት ይህ መጥፎ ዜና ነው፦ ቅባቱ የማስኩን ጎማ ያበላሻል። ቆዳ የሚነካውን ክፍል በየቀኑ ለስላሳ ሳሙና ማስነካት ይበቃል።

ከማሽኑ ኋላ ያለችው ማጣሪያ የቤታችንን ገበና ታወጣለች። መኝታ ቤቱ አጠገብ ቡና እየተቆላ፣ ዕጣን እየጨሰ ከዋለ ነጯ ማጣሪያ ፈጥና ትጠቁራለች። የሚጨሰውን ሁሉ ማሽኑ ሌሊት ስቦ ሊያስተነፍሰን ነበርና ማጣሪያዋን ቶሎ መለወጥ ነው።

አየሩ ጉሮሮ እንዳያደርቅ ማሽኑ የሚያሞቀውና የሚያረጥበው የውሃ ዕቃ አለው። የሚመከረው የተጣራ፣ ማዕድን የሌለበት ውሃ ነው። የቧንቧም የታሸገም ውሃ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ግን የሚያስብ ካለ ይተወው፤ ለሳንባ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ በቱቦው ውስጥ እርጥበቱን ወደ ጠብታ ይለውጠዋል፣ እኩለ ሌሊት ላይም ፊትህ ላይ ይረጫል። ማሽኑን ከአልጋው ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ውሃው ወደ ኋላ እንዲመለስ ያደርገዋል።

መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይቆማል፣ ሰው ግን አይታፈንም፤ ማስኩ የአየር መውጫ ቀዳዳዎች አሉት፣ አፍና አፍንጫን የሚሸፍነው ትልቁ ማስክ ደግሞ ራሱ የሚከፈት ቫልቭ አለው። አፕኒያው ብቻ ተመልሶ ይመጣል። ባትሪ ያለው ሰው ማሞቂያውን ቢያጠፋ ባትሪው ብዙ ይቆይለታል። መብራት ሲመለስ ከሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ለመጠበቅም ስታቢላይዘር መልካም ነው።

ብዙዎቹ ማሽኖች ወደ እኛ የሚመጡት በዘመድ ሻንጣ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድም ወይም እኅት ሲገዛ ሕጉ ሌላ ነው፤ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ወጪውን መክፈሉን ለመቀጠል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ፣ በተከታታይ 30 ቀናት፣ ቢያንስ በ70 በመቶው ሌሊት ማሽኑን 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠቀምን ይጠይቃል። ማሽኑ የሌሊቱን መዝገብ ራሱ ይልካልና ማታለል አይቻልም። እዚያ ያሉ የከባድ መኪና ሹፌሮቻችንም መዝገቡን ለመንጃ ፈቃድ የጤና ምርመራ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ያገለገለ ማሽን የሚቀበል ሰው ሁለት ነገር ይይ። አምራቹ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2021 በማሽኖቹ ውስጥ ያለው ድምፅ መቀነሻ ስፖንጅ እየፈረሰ ስላስቸገረ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎቹን ከገበያ ጠርቷል፤ የማሽኑን ሞዴልና ቁጥር ማጣራት ተገቢ ነው። ሁለተኛው፣ ማሽኑ ላይ የተሞላው ግፊት የቀድሞው ባለቤት ነው፣ ስለዚህ ለአዲሱ ሰው በሐኪም እንደገና ይሞላል።

ከፍታውም አለ። አንዳንድ አምራቾች ማሽናቸው እስከ 2,600 ሜትር ገደማ እንደሚሠራ በመመሪያው ይጽፋሉ። አብዛኛው አዲስ አበባ ከዚያ በታች ስለሆነ ችግር የለም። ደብረ ብርሃን ግን ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል፤ እዚያ ላለ አባት ማሽን የሚልክ ልጅ ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት መመሪያውን ይግለጥ።