መኪናችሁን ስትሸጡ ብሩ ሳይገባ ቁልፍም ፊርማም አትስጡ

ቤተሰብ፣ ዛሬ ስለ መኪና ሽያጭ እናወራለን። ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለ ክፍያው።

መኪና መሸጥ ለአብዛኞቻችን በሕይወት አንድ ወይ ሁለት ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። ለአጭበርባሪ ግን የዘወትር ሥራው ነው። እናንተ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩትን ሲፒኦ እሱ ብዙ ጊዜ በእጁ ይዞታል። እናንተ የምትፈሩትን ያውቃል፣ መቼ እንደምትቸኩሉም ያውቃል። ስለዚህ "እኔ አልሸወድም" ማለት ብቻውን አያድንም። ዘዴዎቹን ቀድሞ ማወቅ ግን ያድናል።

የሚጠፋው ገንዘብም ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው መኪናውን የሚሸጠው ለሕክምና፣ ለውጭ ጉዞ ወይም ለቤት ክፍያ ብር ሲያስፈልገው ነው። መኪናው ራሱ የዓመታት እቁብ ወይም ገና ያላለቀ የባንክ ብድር ሊሆን ይችላል። ያ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ሊሄድ ይችላል።

▶ መሠረቱ ይህ ነው

ሻጭ እጁ ላይ ሦስት ነገር አለው፦ ቁልፉ፣ ሊብሬውና ፊርማው። ገዢ እጁ ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡ። ከታች የምናያቸው ማጭበርበሮች መልካቸው ይለያይ እንጂ ግባቸው አንድ ነው፤ ገንዘቡ ሳይገባ ከሦስቱ አንዱን ከእጃችሁ ማውጣት።

ከሦስቱ ሰው የሚያቃልለው ፊርማውን ነው። የሽያጭ ውሎች ላይ ብዙ ጊዜ "የሽያጩን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። እሱን ፈርማችሁ ብሩ ካልገባ፣ በኋላ ፍርድ ቤት ቆማችሁ "ፈረምኩ እንጂ አልተከፈለኝም" ማለት በጣም ከባድ ነው። በጽሑፍ የተደረገና በሕግ ፊት የተረጋገጠ ውል ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ በአፍ ምስክር በቀላሉ አይፈርስም።

▶ 1. የሐሰት ኤስኤምኤስ እና ስክሪንሾት

ገዢው ስልኩን ነካ ነካ ያደርግና "ላክሁ" ይላል። ከደቂቃ በኋላ ስልካችሁ ላይ መልእክት ይገባል፦ ሒሳባችሁ ላይ ይህን ያህል ብር ገብቷል። ወይም ራሱ ስክሪንሾት ያሳያችኋል፤ የባንኩ ቀለም፣ የናንተ ስም፣ የግብይት ቁጥሩ ሁሉም አለ።

ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። ማንኛውም ፎቶ ማስተካከል የሚችል ሰው በአምስት ደቂቃ ይሠራዋል። ኤስኤምኤስም ቢሆን ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ከሌላ ቁጥር መላክ ይቻላል። ላኪው ማን እንደሆነ እዩ፤ ከተራ የ09 ወይም የ07 ቁጥር የመጣ የባንክ መልእክት የለም። የላኪው ስም ትክክል ቢመስልም እዚያ ላይ አታቁሙ፣ የላኪ ስምን ማስመሰልም ይቻላል።

ማረጋገጫው አንድ ነው፤ በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ መተግበሪያ ገብታችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን ማየት። ዳታ ከሌለ የንግድ ባንክ ደንበኞች *889#፣ የቴሌብር ተጠቃሚዎች *127# ደውሎ ማየት ይቻላል። ገዢው በላከላችሁ ሊንክ አትግቡ፣ በእሱ ስልክም አትመልከቱ።

ሌላ የሚጠቅም ነገር፦ ባንኮች በስልክ በአንድ ቀን በሚላክ ገንዘብ ላይ ጣሪያ አላቸው። የመኪና ዋጋ ሙሉውን በአንድ ጊዜ "በሞባይል ላክሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ይህ ብቻውን ቆም ሊያደርጋችሁ ይገባል።

"ኔትወርክ ነው፣ ሲስተም ተጨናንቆ ነው፣ እስከ ማታ ይገባል" ከተባላችሁስ? እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት ከሆነ መኪናውም እስከ ማታ እናንተ ጋ ይቆያል። የምር ገዢ በዚህ አይቀየምም።

▶ 2. ቼክ እና ሲፒኦ

ሁለቱን አናምታታ። ቼክ የግለሰቡ ወይም የድርጅቱ ቃል ነው፤ "ባንኬ ይከፍልሃል" ይላል። ሒሳቡ ውስጥ ብር ከሌለ ቼኩ ወረቀት ብቻ ነው፣ በተለምዶ ደረቅ ቼክ የምንለው። ሲፒኦ ደግሞ ባንኩ ራሱ ገንዘቡን ከገዢው ሒሳብ ቀንሶ ይዞ የሚያወጣው ነው። ስለዚህ ሲፒኦ ከቼክ በጣም ይሻላል፤ እውነተኛ ከሆነ።

በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ማታለልን በጠቅላላው የሚመለከተው ደግሞ አንቀጽ 692 ነው። ግን ሰውየው ቢታሰርም መኪናችሁ በዚያው ቀን አይመለስም። ስለዚህ ለማታውቁት ሰው መኪና በቼክ አትሽጡ፤ የግድ ከሆነም ቼኩ ተመንዝሮ ብሩ ሒሳባችሁ ውስጥ እስኪታይ ምንም አትፈርሙ።

ሲፒኦ ላይ ያለው ችግር ሐሰተኛ የሚሠራ መኖሩ ነው። ማኅተም፣ ፊርማ፣ ወፍራም ወረቀት፣ ሁሉም ይመሳሰላል። በዓይን አይታችሁ አትለዩትም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሲፒኦው ሲወጣ አብራችሁ ቅርንጫፉ ውስጥ ሁኑ፣ በስማችሁ ይውጣ፣ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። አስቀድሞ ያወጣውን ይዞ ከመጣ፣ ወዳወጣው ባንክ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ለማረጋገጥ ስትደውሉ ወረቀቱ ላይ ወደተጻፈው ስልክ ሳይሆን ባንኩ በይፋ ወደሚያሳውቀው ቁጥር ይሁን። ወረቀቱን የሠራው ሰው ስልኩንም ሊጽፈው ይችላላ!

አንድ ብልጥ ዘዴ ደግሞ አለ። እውነተኛውን ባንክ ውስጥ ያሳያችሁና፣ ፊርማ ቦታ ስትደርሱ ሌላ የሚመስል ወረቀት ያቀብላችኋል። ለዚህ ነው ቁጥሩን ፎቶ አንሱ ያልነው። ስትቀበሉ ከፎቶው ጋር አመሳክሩ።

▶ 3. የመሃል ሰው ጨዋታ

ይሄኛውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ምክንያቱም ሁለት ሐቀኛ ሰዎችን እርስ በርስ የሚያጣላ ነው።

እንበል ቪትዛችሁን በቴሌግራም በ2 ሚሊዮን ብር ለሽያጭ አወጣችሁ። አንድ ሰው ይደውላል፤ በጣም ፈልጎታል፣ ዋጋም ብዙ አይከራከርም። ይህ ሰው የናንተን ፎቶዎች ወስዶ በሌላ ገጽ ላይ ያንኑ መኪና በ1.7 ሚሊዮን ይለጥፋል። ርካሽ ነውና እውነተኛ ገዢ ወዲያው ይመጣለታል።

ከዚያ ለናንተ፦ "ወንድሜ መጥቶ መኪናውን ያየዋል፣ ዋጋ ግን እኔና አንተ እንጨርሳለን፣ ለእሱ ምንም እንዳትነግረው" ይላል። ለገዢው ደግሞ፦ "መኪናው ያለው ዘመዴ ጋ ነው፣ ዕዳ አለበት፣ ዋጋ ካነሳህበት ይናደዳል፣ ክፍያው በእኔ ሒሳብ ነው" ይለዋል። ሁለታችሁም ተገናኝታችሁ መኪናውን ታያላችሁ፣ ትስማማላችሁ። ገዢው 1.7 ሚሊዮኑን ወደ መሃል ሰውየው ሒሳብ ይልካል። ለናንተ ስክሪንሾት ይመጣል። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል።

አሁን ገዢው "ከፍያለሁ፣ መኪናውን ስጠኝ" ይላል፣ እናንተ "ሳንቲም አልደረሰኝም" ትላላችሁ። ሁለታችሁም እውነት ነው የምትናገሩት። ቀድማችሁ ፈርማችሁ ከሆነ የከሰራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ካልፈረማችሁ የከሰረው እሱ ነው።

እዚህ አገር ይህ ጨዋታ በቀላሉ የሚያልፈው ደላላን ስለለመድን ነው። "ዋጋ እንዳታወሩ፣ ኮሚሽኔ አለችበት" ሲባል ነውር አይመስለንም። ብዙ ደላላ በሐቅ የሚሠራ ነው፣ ድካሙም ይከፈለው። ግን ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ሁለት ጥያቄ ሊጠያየቁ ይገባል፦ "ስንት ነው የምትከፍለው?" እና "ወደ ማን ሒሳብ?" ሐቀኛ ደላላ በዚህ አይጎዳም፤ ኮሚሽኑ ለብቻው፣ በግልጽ ይከፈለዋል። ጥያቄውን የሚከለክል ሰው ካለ ሽያጩ እዚያ ላይ ይቁም።

▶ 4. ቀብድ እና "ትርፍ ላክሁ"

ገዢ ቀብድ ልስጥ ሲል ደስ ይላል። ግን ቀብድ ሕጋዊ ውጤት አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ስትቀበሉ መጠኑን፣ ቀሪው የሚከፈልበትን ቀንና የአከፋፈሉን መንገድ በጽሑፍ አድርጉት።

ማጭበርበሩ የሚመጣው እንዲህ ነው። "50 ሺህ ቀብድ ልልክ ብዬ በስህተት 150 ሺህ ላክሁ፣ መቶውን መልስልኝ፣ እናቴ ሆስፒታል ናት።" ኤስኤምኤሱ ሐሰት ነው፣ እናንተ የምትመልሱት ግን የራሳችሁ እውነተኛ ብር ነው። ብሩ በእርግጥ ገብቶ ከሆነም ከሌላ ከተታለለ ሰው የመጣ ሊሆን ይችላል። በስህተት የገባ ብር የሚመለሰው በባንኩ በኩል ነው፤ ላኪው ለባንኩ ያመልክት።

ከዚሁ ጋር "ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ክፍያው ተይዟል፣ ለመልቀቅ የሚስጥር ቁጥር ንገሩን" የሚል ስልክ ከመጣ ዝጉት። ብር ለመቀበል ፒን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሒሳብ ቁጥርና ስም ብቻ ነው።

▶ 5. "ስም ማዛወሩን ትተን በውክልና እንጨርስ"

ይህ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም፤ ብዙ ሰው ወጪና ምልልስ ለመቀነስ ያደርገዋል። አደጋው ግን የናንተ ነው። ለመሸጥና ለመለወጥ የሚያስችል ውክልና ከሰጣችሁ፣ ተወካዩ መኪናውን ለሌላ ሰው ሊሸጠው ይችላል። በክፍል የሚከፍል ገዢ ከሆነ ደግሞ ቀሪውን ሳይከፍል ሊሰወር ይችላል።

ከዚህ ባለፈ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሌላ ሰው ሲያሽከረክረው ጭምር። ሊብሬው ላይ ስማችሁ እስካለ ድረስ፣ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የምትፈለጉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሙሉ ክፍያ፣ የተረጋገጠ የሽያጭ ውል፣ ከዚያ የስም ዝውውሩ እስኪያልቅ መከታተል።

▶ ታዲያ እንዴት እንሽጥ?

ገዢም ይፈራል፣ እውነቱን ነው። "ብሩን ከፍዬ ባይፈርምልኝስ?" ይላል። ለሁለቱም የሚሆን አካሄድ ይህ ነው፦

👉 መጀመሪያ መታወቂያ ተለዋወጡ። ውሉን የሚፈርመውና ገንዘቡን የሚከፍለው አንድ ሰው ይሁን። ሌላ ሰው የሚከፍል ከሆነ እሱም ይምጣ፣ ውሉ ላይም ይጻፍ።

👉 ሙከራ መንዳት ላይ አብራችሁ ግቡ። ሊብሬውን መኪናው ውስጥ አትተዉ፣ ፎቶውንም በየቻቱ አትላኩ።

👉 ባንክ በሚሠራበት ሰዓት ቅጠሩ፣ ቢቻል ጠዋት። "ቅዳሜ ማታ ካልሆነ አይመቸኝም"፣ "የበዓል ዋዜማ እንጨርስ" የሚል ሰው ማረጋገጥ የማትችሉበትን ሰዓት እየመረጠ ሊሆን ይችላል።

👉 ባንክ አብራችሁ ሂዱ። አንደኛው አማራጭ በመስኮት ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ማስተላለፍ ነው፤ ለገዢው ዋስትና "ይህን ያህል ብር ለዚህ መኪና ሽያጭ ተቀብያለሁ" ብላችሁ በምስክር ፊት ትጽፉለታላችሁ። ሁለተኛው በፊታችሁ ሲፒኦ ማውጣት ነው፤ እስከ ፊርማው ሰዓት ገዢው ይይዘዋል፣ ስትፈርሙ ይሰጣችኋል።

👉 ከዚያ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ፣ አሁንም ብዙዎቻችን ውልና ማስረጃ ወደምንለው። ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋና የክፍያ መንገድ እውነተኛው ይሁን። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ዝቅ ያለ ዋጋ ቢጻፍና ክርክር ቢነሳ፣ ማስረጃችሁ ያ የተጻፈው ዋጋ ነው።

👉 ሲፒኦውን በዚያው ቀን ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡ። ቁልፍ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው።

በካሽ ልክፈል ካላችሁም ባንክ ውስጥ ይሁን። ቆጣሪ ማሽን አለ፣ ሐሰተኛ ኖት ይለያል፣ ያንን ሁሉ ብር ተሸክማችሁም መንገድ አትወጡም።

▶ ከተጭበረበራችሁ

አትፈሩ፣ ደግሞም አትዘግዩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። ገንዘብ ልካችሁ ከሆነ ወዲያው ባንካችሁ ጋ ደውሉ፤ ንግድ ባንክ 951 ነው። መኪና ወስደውባችሁ ከሆነ ቅርብ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ፤ ለአስቸኳይ 991 ደውሉ። መኪናው ወደተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ስም እንዳይዛወር ምን ማድረግ እንደሚቻል ጠይቁ፤ እግድ በፍርድ ቤትም ይጠየቃል። ቼክ ከተመለሰባችሁ ባንኩ ያልከፈለበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

መልእክቶቹን፣ ስልክ ቁጥሮቹን፣ የቴሌግራም ቻቱን አታጥፉ። ንዴት ላይ ሆናችሁ ሰውየውን ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ሁሉንም ስክሪንሾት አንሱ።

ያፈራችሁ ሰዎች ካላችሁ ደግሞ፣ ማፈር ያለበት ያታለለው ነው። ዝም ሲባል ያው ሰው ነገ ሌላ ቪትዝ ፍለጋ ይወጣል።

መኪና ሊሸጥ ያሰበ ጓደኛ፣ ወንድም ወይም አባት ካላችሁ ይህን አጋሩት። በተለይ ስማርት ስልክ ብዙም ላልለመዱ ወላጆች፣ በሽያጩ ቀን አብራችኋቸው ሂዱ። ቀሪ ሒሳቡን እናንተ አይታችሁ "ገብቷል አባዬ" በሏቸው፤ ያኔ ቁልፉን ይስጡ።