መንገድ የሚያስታውሰው አንጎልና በጨው ውስጥ ያለው አዮዲን

አዲስ አበባ፦ ሳሪስ አቦ ላይ ከታክሲ የወረደ እንግዳ አቅጣጫ ሲጠይቅ የሚነገረው የቤት ቁጥር አይደለም፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ተነሥተው፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈው፣ በሁለተኛው ቅያስ ወደ ውስጥ ይግቡ» ይባላል። የሰፈሩ ልጅ ግን ምልክት አያሻውም። ጨው ግዛ ተብሎ ሲላክ የለመደው ቅያስ ቢዘጋበት እንኳ በሌላ ዞሮ ቤቱ ይደርሳል።

ይህን ችሎታ በዋናነት የሚሸከመው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ነው። ከጆሮ በላይ ጠለቅ ብሎ በግራና በቀኝ ይገኛል። በውስጡ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲደረስ የሚነቁ ሕዋሳት አሉ፤ ጆን ኦኪፍ የተባሉት ተመራማሪ እነዚህን ሕዋሳት በአይጦች አንጎል ውስጥ በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ከሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ሂፖካምፐስ መገንባት የሚጀምረው ልጁ ሳይወለድ ነው። ለግንባታው የታይሮይድ ሆርሞን ያስፈልጋል፤ ሆርሞኑ ደግሞ ያለ አዮዲን አይሠራም። የፅንሱ ዕጢ በበቂ ሁኔታ እስኪሠራ ድረስ፣ ይህም እስከ እርግዝናው አጋማሽ ገደማ ነው፣ ፅንሱ በአብዛኛው የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው። በዚህ ወቅት እጥረት ከገጠመ የነርቭ ሕዋሳት ቦታቸውን ይዘው በወጉ አይተሳሰሩም። የታይሮይድ ዕጢያቸው ከውልደት ጀምሮ የማይሠራ ልጆች ሲመረመሩ ሂፖካምፐሳቸው አንሶ፣ የማስታወስ ችሎታቸውም ደክሞ ተገኝቷል። በብዙ አገሮች ችግሩ ጨቅላው እንደተወለደ ከተረከዙ በሚወሰድ የደም ጠብታ ይለያል፤ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተጀመረ አብዛኛው ጉዳት ይቀራል።

በእናት የአዮዲን እጥረት የመጣው ጉዳት ግን ካለፈ በኋላ ሙሉ በሙሉ አይጠገንም። አስቸጋሪው ነገር አለመታየቱ ነው። እንቅርት አንገት ላይ ይታያል፤ የአንጎሉ ጉድለት ግን ተሸፍኖ ይቀርና ልጁ «ሰነፍ» ወይም «ዝንጉ» እየተባለ ያድጋል። እርግጥ የሚዘነጋ ልጅ ሁሉ አዮዲን አንሶታል ማለት አይደለም።

በደጋማው የአገሪቱ ክፍል ለዘመናት የዘነበው ዝናብ የአፈሩን አዮዲን ስላጠበው በዚያ የሚበቅለው እህልም የአዮዲን ድሃ ነው። ገበሬው ማሳውን የቱንም ያህል ቢንከባከብ ይህ አይለወጥም። ስለዚህ መፍትሔው በጨው በኩል መጣ። በ2003 ዓ.ም. ጨውን በአዮዲን ማበልጸግ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤተሰቦች ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 89 በመቶ ደረሰ። ይሁን እንጂ አዮዲን መኖሩና መጠኑ በቂ መሆኑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንጎል የሚጎዳው በዕድገት ዘመን ብቻም አይደለም። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም ከጉልበቱ 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ለዓመታት ቁጥጥር ያጣ የስኳር በሽታ፣ እንዲሁም ተደጋግሞ ከመጠን በታች የሚወርድ ስኳር ሂፖካምፐስን ያዳክማሉ።

አዮዲን በፀሐይ፣ በሙቀትና በእርጥበት ይጠፋል። ከሱቅ ደጃፍ በተከፈተ ጆንያ ፀሐይ ሲመታው የሰነበተ ጨው በስያሜ ብቻ አዮዲን ያለው ሊሆን ይችላል። ጨውን ማጠብም አዮዲኑን ያስወግደዋል። ስለዚህ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይመረጣል፤ መጠኑን ማብዛት ግን ለደም ግፊት ይዳርጋል። ለነፍሰ ጡር የሚመከረው በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን ነው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ሴቶች ማርገዛቸውን የሚያውቁት የፅንሱ አንጎል መሠራት ከጀመረ በኋላ ነው።