የሆርሙዝ በርና የጎሮ አሸዋ

ጎሮ ላይ አሸዋ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለአሸዋው ብቻ አይደለም፤ ለመንገዱም ጭምር ነው። ከቆቃና ከላንጋኖ አካባቢ ተጭኖ የሚመጣው አሸዋ፣ ከሙገር የሚመጣው ሲሚንቶ፣ ከጅቡቲ ወደብ የሚነሳው ብረትና ሴራሚክ ሁሉም በናፍጣ ተጎትተው የሚደርሱ ናቸው። በመሆኑም በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የጦርነት ወሬ በተሰማ ቁጥር ከጃክሮስ እስከ ሰሚትና አያት ባለው የግንባታ ሰፈር ሁሉ ስልክ ይበዛል። ሻጩ «ነገ ይጨምራል» ይላል፤ ገዢው ቀብድ ለመክፈል ይጣደፋል፤ ደላላውም በመካከል ሆኖ ወሬውን ያሞቀዋል።

ብዙው ነጋዴ በዚህ ጊዜ የሚጠይቀው «ጦርነቱ ይነሳ ይሆን?» ብሎ ነው። ያለፉት ሃምሳ ዓመታት የነዳጅ ታሪክ ግን ኪስን የሚነካው ጥያቄ ሌላ መሆኑን ያሳያል። እሱም «መርከቡ ያልፋል ወይስ አያልፍም?» የሚለው ነው።

ፍርሃት የወለደው ዋጋ

ኢራቅ ሐምሌ 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ኩዌትን ስትወር የአንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ 20 ዶላር ግድም ነበር። ከሁለቱ አገሮች በቀን ከ4 ሚሊዮን በርሜል በላይ ከገበያ በመውጣቱ፣ በጥቅምት 1983 ዓ.ም. መግቢያ ዋጋው ከ40 ዶላር አለፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር 20 ቀን የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ኃይል መጠቀምን ሲፈቅድ፣ በወቅቱ የምክር ቤቱ አባል የነበረችው ኢትዮጵያም የድጋፍ ድምፅ ሰጥታለች። ያኔ የገበያው ሰው ጦርነቱ በተጀመረ ዕለት ዋጋው ሰማይ ይነካል ብሎ ይጠብቅ ነበር።

የሆነው ተቃራኒው ነው። ጥር 9 ቀን 1983 ዓ.ም. የአየር ድብደባው ሲጀመር ዋጋው በአንድ ቀን ከ10 ዶላር በላይ ወደቀ። የጎደለውን ነዳጅ ሳዑዲ ዐረቢያ ምርቷን ጨምራ በአብዛኛው ሸፍናው ነበር፤ የእሷ ጉድጓዶች አለመነካታቸው ሲታወቅ ፍርሃቱ ከዋጋው ላይ ወረደ። በከፍተኛው ዋጋ ገዝቶ ያከማቸ ሁሉ ዕዳ ታቅፎ ቀረ።

ተመሳሳዩ ነገር በሰኔ 2017 ዓ.ም. ታይቷል። ሰኔ 6 ቀን እስራኤል ኢራንን ስትመታ 69 ዶላር ግድም የነበረው የብሬንት ነዳጅ በዚያው ዕለት ለጊዜው ከ78 ዶላር በላይ ወጣ። ሰኔ 15 ቀን አሜሪካ የኢራንን የኑክሌር ተቋማት ከመታች በኋላ ገበያው ሲከፈት 80 ዶላርን ተሻገረ። የኢራን ምክር ቤት የሆርሙዝ መተላለፊያ እንዲዘጋ ድጋፉን ቢገልጽም ያኔ በሩ አልተዘጋም። በማግሥቱ ኢራን በኳታር የሚገኘውን የአሜሪካ ጦር ሰፈር በሚሳይል ስትመታ፣ የነዳጅ መርከቦች እንዳልተነኩ ያየው ገበያ ዋጋውን ቁልቁል ሰደደው። ተኩስ አቁም በተባለበት በሰኔ 17 ቀን ዋጋው ከመጀመሪያው ጥቃት በፊት ከነበረው በታች ሆነ። ሚሳይል እየተወነጨፈ ዋጋ ረከሰ ማለት ነው።

ነዳጁ በእርግጥ ሲጎድል

ሁሉም ጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የዐረብ አገሮች ነዳጅ ለፖለቲካ መሣሪያነት ባዋሉት ጊዜ 3 ዶላር ግድም የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ወደ አራት እጥፍ ተጠጋ፤ ወደ ቀድሞው ዋጋም አልተመለሰም። የአዲስ አበባ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ መጨመሩን በመቃወም የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት በቀናት ውስጥ የዋጋውን ጭማሪ ቢቀንስም ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር፤ ወሩ ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ።

የሁለቱ ልዩነት ግልጽ ነው። ፍርሃት ብቻ የሰቀለው ዋጋ በቀናት ውስጥ ይወርዳል፤ ነዳጁ በእርግጥ የጎደለበት ዋጋ ግን ይሰነብታል።

ማደያው የሚሰማው ሌላ ነው

እዚህ ላይ የጎሮ ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የዓለም ገበያና የአዲስ አበባ ማደያ እኩል አይራመዱም። በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ብሬንት የካቲት 28 ቀን 2014 ዓ.ም. 139 ዶላር በደረሰ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 37 ብር አይሞላም ነበር፤ ልዩነቱን መንግሥት በድጎማ ተሸክሞት ነበርና። ከሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ሲጀምር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። የዓለም ዋጋ መርከስ በጀመረበት ወቅት የእኛው መናር ጀመረ ማለት ነው።

ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከ57 ብር በላይ የነበረው ዶላር በቀጣዩ ጥር ከ120 ብር አለፈ። በዚያው ጥር ወር መግቢያ ግድም አንድ ሊትር ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲሆን የዓለም ዋጋ በበርሜል ከ80 ዶላር በታች ነበር። ነዳጅ 139 ዶላር ሲሸጥ 37 ብር ያልሞላው ቤንዚን፣ 80 ዶላር ባልደረሰ ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ለጎሮ ከበርሜሉ ዋጋ ይልቅ የዶላሩ ምንዛሪና የታሪፉ ክለሳ ይቀርበዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የትኛው ዕቃ በየትኛው በር?

የጦርነት ስጋት ሲነሳ ሁለት የባሕር በሮች ይጠቀሳሉ። አንደኛው በኢራንና በኦማን መካከል ያለው ሆርሙዝ ሲሆን በ2024 እ.ኤ.አ. በቀን ወደ 20 ሚሊዮን በርሜል ነዳጅ አልፎበታል፤ ይህም ዓለም ከሚጠቀመው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ሁለተኛው የመንና ጅቡቲ የሚተያዩበት ባብ ኤል መንደብ ነው። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሁቲ ታጣቂዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃታቸው ብዙ የመርከብ ኩባንያዎችን በደቡብ አፍሪካ በኩል እንዲዞሩ አስገድዶ ነበር።

ነጋዴው ሁለቱን በሮች መደባለቅ የለበትም። የጅቡቲ ወደብ ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ ስለሆነ ከኩዌት የሚመጣ ናፍጣ የሚያልፈው በሆርሙዝ ብቻ ነው። በዱባይ ጀበል አሊ ወደብ በኩል የሚመጣ ዕቃም እንዲሁ። ከቱርክና ከጣሊያን በስዊዝ ቦይ የሚመጣው ደግሞ በባብ ኤል መንደብ ያልፋል። ከቻይናና ከሕንድ በቀጥታ የሚጫን ሴራሚክ ወይም ብረት ግን በሁለቱም በሮች አያልፍም፤ የመርከብ ኪራይና የመድን ዋጋ በጠቅላላው ቢጨምር ይነካዋል እንጂ መንገዱ አይዘጋበትም። በመሆኑም «ሆርሙዝ ሊዘጋ ነው» ተብሎ ሁሉም ዕቃ በአንድ ቀን ዋጋ ሲጨምር ገዢው «ይህ ዕቃ በየት በኩል ነው የሚመጣው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ወሬውን በሒሳብ መፈተን

አንድ ገልባጭ መኪና ከቆቃ ጎሮ ደርሶ ለመመለስ 90 ሊትር ናፍጣ ይፈልጋል እንበል። ናፍጣ በሊትር 10 ብር ቢጨምር በአንድ ቢያጆ የሚጨመረው 900 ብር ነው። መኪናው 16 ሜትር ኩብ ቢጭን ለአንድ ሜትር ኩብ 56 ብር ከ25 ሳንቲም ይደርሰዋል። ጎማውንና መለዋወጫውን አስቦ ጥቂት ቢጨመርበት ያስኬዳል። ከዚያ በላይ ብዙ ሺህ ብር የሚጠይቅ ሻጭ ግን እየሸጠ ያለው ናፍጣ ሳይሆን ወሬ ነው።

በሌላ ወገን፣ ቤት ሠርቶ ለማስረከብ በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ሥራ ተቋራጭ አደጋው እውነተኛ ነው። ታሪፉ በውሉ ዘመን ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢከለስ ትርፉን ጠራርጎ ሊወስድበት ይችላል። መፍትሔው በብድር ገንዘብ ሲሚንቶ ማከማቸት አይደለም፤ ሲሚንቶ እርጥበት ያበላሸዋል፣ ብድሩም ወለድ ይቆጥራል። የሚሻለው በውሉ ላይ የዕቃውንና የማጓጓዣውን ዋጋ ለይቶ መጻፍ፣ ማጓጓዣውንም ውሉ በተፈረመበት ቀን ከነበረው የናፍጣ ታሪፍ ጋር ማያያዝ ነው። ታሪፉ ሲጨምር ገዢው ልዩነቱን ይከፍላል፤ ሲቀንስም ይቀነስለታል። ደላላውም ዋጋ ሲያቀርብ የሚጸናበትን ቀን ቢጽፍ ከጭቅጭቅ ይድናል።

መኪና ለመግዛት ያሰበ ባለሀብትም ስሌቱ ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማው በርክቷል። ለከተማ ውስጥ ሥራ ይህ ከታሪፉ ሥጋት የሚያሳርፍ አማራጭ ሊሆን ይችላል። አሸዋውና ብረቱ ግን በገልባጭና በተሳቢ መኪና ላይ ናቸው፤ እነዚህ ከናፍጣ እስኪላቀቁ ድረስ ጎሮ ላይ የሚፈረም የግንባታ ውል ሁሉ ስለ ናፍጣ ታሪፍ አንድ አንቀጽ ቢኖረው ይበጃል።