አለመግባባትን በድርድር መፍታት

ሰዎች በአንድነት በሚሠሩበት ቦታ ሁሉ አለመግባባት መነሣቱ አይቀርም። በሆስፒታል ውስጥ ሲነሣ ግን ጉዳቱ በተከራካሪዎቹ ላይ ብቻ አይወሰንም፤ አልጋ ላይ ለተኛው ሕመምተኛም ይተርፋል። ስለዚህ የሕክምና ክፍል ኃላፊ ከሙያው በተጨማሪ የድርድርን ዘዴ ማወቅ ይኖርበታል።

ለምሳሌ ያህል፣ የአንድ አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል ኃላፊ የሆኑ ነርስ፣ «የደም ምርመራ ውጤት እስከ ጧቱ 3 ሰዓት ይድረሰን» አሉ እንበል። የላቦራቶሪው ኃላፊ ደግሞ፣ «ከ5 ሰዓት በፊት አይሆንም» ሲሉ መለሱ። ሁለቱም የገለጹት አቋማቸውን ነው። አቋም ማለት ተከራካሪው «ይህ ይደረግልኝ» ብሎ የሚጠይቀው ነገር ነው፤ ፍላጎት ግን ያንን አቋም እንዲይዝ ያደረገው ምክንያት ነው።

እናንተ ገላጋይ ብትሆኑ ምን ትወስኑ ነበር? ምናልባት መካከሉን ይዛችሁ፣ «በ4 ሰዓት ይሁን» ትሉ ይሆናል። ውሳኔው ሚዛናዊ ይመስላል። ነገር ግን ሐኪሙ ሕሙማኑን የሚጎበኙት በ3 ሰዓት ከሆነ፣ በ4 ሰዓት የሚመጣው ውጤት ለጉብኝቱ አይደርስም፤ ላቦራቶሪውም ከጥድፊያ አይድንም።

አስቀድማችሁ «ለምን?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ነርሷን የሚያሳስባቸው፣ ሕመም የጸናባቸው ሰዎች ያለ ውጤት እንዳይታዩ ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ የሚፈሩት ደግሞ፣ ናሙናው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ በችኮላ ስሕተት እንዳይፈጠር ነው። እነዚህ ፍላጎቶች እርስ በርሳቸው አይጋጩም። ሕመም የጸናባቸው ሰዎች ደም ሊነጋ ሲል በተረኛ ነርስ ተወስዶ ቀድሞ ቢላክ፣ የሌሎቹም በኋላ ተራ በተራ ቢደርስ፣ ሁለቱም የሚሹትን ያገኛሉ። ተራውንም የሚወስነው የኃላፊዎቹ ሥልጣን ሳይሆን የሕመሙ ክብደት ይሆናል።

ሮጀር ፊሸርና ዊልያም ዩሪ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ዘዴ በ4 ነጥቦች አስረድተዋል። እነዚህም ሰውየውን ከችግሩ መለየት፣ ከአቋም ይልቅ በፍላጎት ላይ ማተኮር፣ ከመወሰን በፊት ልዩ ልዩ አማራጮችን መፈለግ፣ በመጨረሻም ውሳኔውን ሁለቱ ወገኖች በሚቀበሉት መለኪያ መመዘን ናቸው።

ይሁን እንጂ ዘዴው የሚሠራው ተደራዳሪዎች እውነተኛ ምክንያታቸውን ሲገልጹ ነው፤ ፍላጎቱን የደበቀ ሰው መፍትሔውንም ይደብቃል። እናንተም ከጓደኞቻችሁ ጋር በምትከራከሩበት ጊዜ፣ «ምን ትፈልጋለህ?» በማለት ብቻ አትወሰኑ፤ «ለምን ፈለግኸው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በትዕግሥት አድምጡ።