ከፎርማት በኋላ ዋይፋይ እምቢ ሲል

አሮጌ ላፕቶፕ ፎርማት ተደርጎ ዋይፋዩ እምቢ ሲል ብዙ ሰው ካርዱ ተቃጥሏል ብሎ ይደመድማል። እባካችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። ቢጫ ምልክት ያለበት ዕቃ ካያችሁ ዊንዶውስ ዕቃውን አግኝቶታል ማለት ነው። ፕሮፐርቲሱ ውስጥ "ኮድ 28" ከተጻፈ ድራይቨሩ አልተጫነም፤ "ኮድ 10" ከሆነ ዕቃው መነሳት አቅቶታል፤ ብዙ ጊዜ የማይስማማው ድራይቨር ተጭኖበት ነው።

ትክክለኛውን ድራይቨር ለማግኘት ዕቃውን ራይት ክሊክ አድርጉና ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ፣ ከዚያም ሃርድዌር አይዲ የሚለውን ምረጡ። ሁለት ባለአራት አሃዝ ኮዶች ታያላችሁ፦ የመጀመሪያው አምራቹን፣ ሁለተኛው ሞዴሉን ይናገራል። 8086 ካላችሁ ዕቃው የኢንቴል ነው። በዚህ ኮድ ከላፕቶፑ ወይም ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ ፈልጉ። "ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ" የሚሉትን ፕሮግራሞች እኔ አልመክርም፤ ያልተፈለገ ነገር ጭነው የሚሄዱ ብዙ ናቸው።

ለዊንዶውስ 10 የተሠራ ካጣችሁ የዊንዶውስ 8.1ን ወይም የ7ን ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ባለ 32 ቢት ድራይቨር ግን በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ጤነኛ የድሮ ፕሪንተሮች ያለ ጥፋታቸው የሚጣሉት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው፣ ያሳዝናል።

ለማውረድ ኢንተርኔት ከሌላችሁ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ። ገና ፎርማት ያላደረጋችሁ ደግሞ ሲስተም 32 ውስጥ ያለውን ድራይቨር ስቶር ፎልደር አሁኑኑ ፍላሽ ላይ ገልብጡት።